ለስደተኛ ቤት ማከራየት ይፈቀዳል ወይ? (ጥያቄዬና የመጡት መልሶች፣ ከጎንደር)

ጥያቄዬ አጭር ነበር። ግቢዬ ውስጥ ባዶዋን የምትውል አንዲት ሰርቢስ ክፍል አለችኝ። ከዳባት፣ ከአለምዋጭ የስደተኞች ጣቢያ የመጣች የሁለት ልጆች እናት፣ ኤርትራዊት፣ ልከራያት አለችኝ። ትንሹ ልጅ ሪፈራል ሆስፒታል ክትትል አለው፤ ያን ሁሉ መንገድ በሚኒባስ እየተመላለሱ ማሳከሙ አቅቷታል። ተከራይ ላስመዝግብ ብዬ ቀበሌ ብሄድ፣ በመስኮቱ ወዲያ ያለው ልጅ የስደተኛ ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ መለሰልኝ። አልከለከለኝም፤ አልፈቀደልኝምም። እንዲህ ያለ ወረቀት አይቶ እንደማያውቅ ነው የነገረኝ።

እዚህ የውይይት መድረክ ላይ መጥቼ ሕጉ ይፈቅዳል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄ ብቻ ቢጻፍ ሰው ዝም ብሎ ያልፋል በሚል አንድ አቋምም ጣል አደረግሁበት፤ ሕጉ ይሻሻልና ስደተኛ የፈለገበት ይኑር፣ የፈለገበት ይሥራ አልኩ። ይህን ሁሉ ያመጣችው ያቺ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት።

አሁን መልሱ አርባን አልፏል። አዲስ የሚገባው ሁሉ ላይኛውን ሳያነብ ያንኑ ስለሚጠይቅ፣ ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝና ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ልተርከው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። አንዳንዱማ ቢገለበጥም አያምርም።

መልስ 1 ቤት አከራይ ነው። ክፉ ሰው አይመስልም። ነገር ግን አደራሽን አትግቢበት ነው ምክሩ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር የመጀመሪያ ተጠያቂ ባለቤቷ ናት ይላል። መልስ 2 የሕግ ተማሪ ነበር፣ አሁን ተመርቋል መሰለኝ፤ ወንድሜ እያለ ነው የጻፈልኝ። (እኔ ወንድሙ አይደለሁም፤ እትዬ የሚለኝ ሰው እስኪመጣ መልስ 9ን መጠበቅ ነበረብኝ።) እሱ እንዳስረዳው አዲሱ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው። ጥር 2011 ላይ ፓርላማ ያጸደቀው፣ የቀድሞውን 409/1996 የሻረ። በዚህ አዋጅ ስደተኛ ባንክ ደብተር ይከፍታል፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣል፣ ልጁን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ ማንኛውም ዜጋ ልጅ ያስገባል፣ ይሠራል፣ በአገሪቱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። እንግዲህ የጠየቅኸው ማሻሻያ ከዓመታት በፊት ተደርጓል፣ ምን ትፈልጋለህ የሚል መንፈስ ነበረው። ትንሽ አፈርኩ። መልስ 3 እየተከታተልኩ ነው ብሎ ከመጻፍ ሌላ ምንም ያላለው ሰው ነው፤ በየክሩ፣ በየውይይቱ ማለቴ ነው፣ አለ።

መልስ 4 ከዳባት ነው የመጣ፤ ነገሩ መልክ የያዘው ከእሱ ወዲህ ነው። አለምዋጭ እንዴት እንደተቆረቆረ ለማያውቁ ነገራቸው። ትግራይ ውስጥ ሽመልባና ሕፃጽ የሚባሉት ጣቢያዎች በጦርነቱ ወደሙ፤ ከማይ ዓይኒና ከዓዲ ሐሩሽ ነፍሳቸውን ይዘው የወጡት ወደዚህ እንዲመጡ ተደረገ፤ ጣቢያው በሰኔ 2013 ተከፈተ። ሦስት ወር ሳይሞላው ጦርነቱ ዳባት ደጅ ደረሰ። ከጦርነት የሸሸ ሰው ድንኳኑን ተክሎ ሳይጨርስ ሌላ ጦርነት ተከተለው። አለምዋጭ ሲታሰብ እንደ ድሮው በአጥር ያለ ካምፕ እንዳይሆን፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ውኃውንም ጤና ጣቢያውንም እየተጋራ እንዲኖር ነበር። ዳባቴው ይህን የሚክድ የለም ይላል። ገበያ ላይ ድንችና ባቄላ እኩል ነው የሚገዙ። ግን ማታ ማን የት እንደሚያድር አሁንም በወረቀት ነው።

መልስ 5 እና 6 አንድ ሰው ናቸው፤ ተናዶ ሁለቴ ላከ። የእኛው ተፈናቃይ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ሲያድር ሰርቢስ ክፍል የሰጠው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። እኔን ስም ጠርቶ ነው የጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር መልስ የለኝም። በዚያ ክረምት ክፍሏ ባዶ ነበረች፤ ማንም አልመጣብኝም፣ እኔም ፍለጋ አልወጣሁም። መልስ 7 እኔን ሊያስጥል ገብቶ አንዱን ችግረኛ በሌላው ችግረኛ መምታት የቤታችን ልማድ ነው አለ፤ ይህ ደግሞ ሰውየውን ይበልጥ አናደደው። ለዚያ የተጻፈው 8 በመድረኩ አስተናባሪ ተነሥቷል።

መልስ 9፣ እትዬ ያለችኝ፣ አዲስ አበባ የምትኖር የጎንደር ልጅ ናት። ስለ ኦሲፒ (ከካምፕ ውጪ የመኖር ፈቃድ) ያነሣችው እሷ ናት። ኤርትራውያን ዘመድ ወይ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት ገቢ ካላቸው ከካምፕ ውጪ እንዲኖሩ የሚፈቅደው አሠራር ከ2002 ጀምሮ አለ። የእሷ ጎረቤቶች በዚያ ነው አዲስ አበባ የሚኖሩ። ስለዚህ ጥያቄው ለስደተኛ ማከራየት ይፈቀዳል ወይ አይደለም፤ ይህቺ ሴት ያ ወረቀት አላት ወይ ነው። ሴትዮዋን ጠየቅኋት። ያላት ለሕክምና የተሰጣት የይለፍ ወረቀት ብቻ ነው፤ ቀን ተቆርጦለታል።

ይህን ስጽፍላቸው የሕግ ምሩቁ በ10 ተመለሰ፤ አሁን ግን እንደ መጀመሪያው ደረቱን አልነፋም። የአዋጁን አንቀጽ 28 ደግሞ አንብቦት ነበር። የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ ስደተኛ በአገሪቱ ውስጥ የመንቀሳቀስና መኖሪያውን የመምረጥ መብት አለው ይላል። ቀጣዩ ግን የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስደተኞች የሚኖሩበትን ቦታ ሊያመቻች ይችላል ይላል። ያቺ ሊያመቻች ይችላል የምትለው ሐረግ ናት እንግዲህ የይለፍ ወረቀቱን ያመጣች። በቀኝ የተሰጠ በግራ ተወሰደ። እኔ በበኩሌ ሕጉ ይሻሻል ስል ምን እንደምል ያወቅሁት እዚህ ጋ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የተናገርኩት ስሜቴን ነበር።

መልስ 11 እንደዚህ ያለ መድረክ ላይ የማይጠበቅ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እንበላቸው። በደርግ ጊዜ፣ ጎረምሳ ሳሉ፣ በአርማጭሆ በኩል ሌሊት ሌሊት ተጉዘው ገዳሪፍ የገቡ። ሱዳን ውስጥ የስደተኛ ካርድ ነበራቸው፤ ካርዱ ከካምፕ ውጭ አይሠራም። እሳቸው ግን ሰሊጥ አጨዳ ወጡ፣ ከዚያ ካርቱም ሻይ ቤት ተቀጠሩ። ካሻ የሚባል ነገር ነበር ይላሉ፤ ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ሐበሻ የሚለቅምበት አፈሳ። በካሻ ቀን የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ሱዳናዊ፣ ከስኳር ጆንያው ኋላ ይደብቋቸዋል። በማግሥቱ ደግሞ ደሞዛቸውን ይቆርጧቸዋል። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ሰው ነው፤ እሳቸው በሁለቱም አይፈርዱበትም። ሕጉ አትሥራ ስላለ አልተቀመጥንም፤ ሕጉ ያደረገው ነገር ቢኖር ሲቆርጡብን የምንከስበት እንዳይኖረን ነው ሲሉ ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ለሦስት መልስ ያህል ሰው ሁሉ ትሕትና ለብሶ ነበር።

ምሩቁ በ13 የእሳቸውን ታሪክ ወደ ሕግ አመጣው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣችው የጥገኝነት ሕግ ስደተኛው ከተመደበበት ቦታ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። የእኛም አገር እ.ኤ.አ. የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል በሥራና በትምህርት አንቀጾች ላይ እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አልቀበልም የሚል ተዐቅቦ አስመዝግባ ነበር። ጎረቤታሞች ነን ማለት ነው፣ በሁሉ ነገር።

በ14 ነገሩ ወደ ሌላ ሄደ። አንዷ ጋሼ የሄዱበት መንገድ አያቶቿም የሄዱበት ነው ብላ ስለ ቤተ እስራኤል አነሣች። እነሱም በሱዳን ካምፖች አልፈው በ1977 በአየር የተወሰዱ፤ በግንቦት 1983 ደግሞ ከአዲስ አበባ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል የተጓጓዘ። እሷ የምታወራው ግን እዚህ ጎንደር ተቀምጠው ስለሚጠብቁት ነው። እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ የሆኑ ቤተሰቦች። ወደ እስራኤል የሚገቡት አይሁድ ሁሉ እንዲገባ በሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ሳይሆን በመግቢያ ሕጉ፣ በካቢኔ ውሳኔ፣ በኮታ ነው። የወንድሟ ሚስት ዝርዝሩ ውስጥ ገብታ እሱ አልገባም። ይህ ከኔ ሰርቢስ ክፍል ጋር ምን አገናኘው ያለ ሰው በ15 መጣ። አስተናባሪውም ለብቻው ክር እንድትከፍት ጠየቃት። አልከፈተችም። እኔ ግን መገናኘቱ ታይቶኛል፤ የሰው ቤተሰብ በሌላ አገር መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ተሰንጥቆ ሲቀመጥ ከተማችን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

16 የድንች ዋጋ ነው። እውነቴን ነው። ዳባቴውን ኩንታሉ ስንት ገባ ብሎ የጠየቀ ሰው አለ፤ ዳባቴውም መለሰለት።

ከመተማ መስመር የጻፈው 18 ቁጣው ሌላ ዓይነት ነው። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር መተማ ዮሐንስ በር ላይ የነበረውን ትርምስ በዓይኑ ያየ ነው። ሱዳናዊው፣ እዚያ ስደተኛ የነበረው ኤርትራዊ፣ ለሥራ ሄዶ የነበረው የእኛው ሰው፣ ሁሉም በአንድ በር። ኩመር ጣቢያ ተከፈተ፤ ቀጥሎ አውላላ። ጫካ ውስጥ ነበር፤ ሌሊት ይዘረፉ፣ ይደበደቡ ነበር። ሚያዝያ 2016 ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች አውላላን ጥለው በእግራቸው ወጡና መንገድ ዳር ሰፈሩ። በኋላ አፍጥጥ የሚባል ሌላ ጣቢያ ተከፈተ። እሱ የሚለው፣ እናንተ ጎንደር ተቀምጣችሁ አንቀጽ 28 ትላላችሁ፤ እኔ ዜጋው ራሴ ከገንዳ ውኃ ጎንደር ለመምጣት መኪና ስሳፈር ቤተሰቤ ይጾማል። መንገድ ላይ የሚታገት ሰው ባለበት አገር የመንቀሳቀስ ነፃነት ለማን ነው የሚሻሻለው? ይህን የሚመልስ አልተገኘም። 19 ላይ አንዲት ሴት እግዜር ያውጣችሁ ብላ አለፈች።

20 ስደተኛ ነው። ራሱ ነው የጻፈው። አለምዋጭ አራት ዓመት ኖሮ አሁን የት እንዳለ አልገለጸም፤ አልጠየቅነውም። በጣም በትሕትና፣ እኔ ከምጽፈው በተሻለ አማርኛ። አስመራ ሳለ ኤሌክትሪሻን ነበር። እዚህም ይሠራል፤ ግን መስመሩን የሚዘረጋው እሱ፣ የሚፈርመው ሌላ፣ ክፍያውን የሚያካፍለውም ሌላ። ሲም ካርዱ በጓደኛው ስም ነው። በ2015 ክረምት የምግብ ዕርዳታው በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ ጥቅምት 2016 እስኪመለስ ድረስ የበሉት በቀን ሥራ ነው፤ ባቄላ ነቀላ፣ ድንጋይ ፈለጣ። ከጣቢያ አትውጡ የሚል ያበላል፤ ካላበላ ደግሞ ይልቀቅ አለ። አሁንም ራሽኑ ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ ጨመረበት። ፕሮሰስ አለህ ወይ ብለው ሁለት ሰዎች ጠየቁት። ፕሮሰስ ማለት ካናዳ ወይ አሜሪካ መሄጃ ማለት ነው። የለኝም፣ ቢኖረኝም እዚሁ ብኖር ደስ ይለኛል ብሎ መለሰ። ይህ ለብዙ ሰው አዲስ ወሬ ነበር፤ ሁሉም ስደተኛ እዚህ ትራንዚት ላይ ያለ ነው የሚመስለን።

ከዚያ ኪራይ። 22 እና 23፣ ከ24 ጋር ተጨቃጨቁ። ከውጭ ዘመድ ዶላር የሚላክለት ስደተኛ የከተማውን ኪራይ አንሮታል ባይና፣ ኪራይ የናረው ሲሚንቶና ተማሪ ስላለ ነው ባይ። ሁለቱም ማስረጃ አላመጡም፤ እዚህ ላይ ባልፈው ይሻላል። 25 ግን በአንዲት መስመር ሁሉንም ዝም አሰኘ። በ2017 የወጣው ሕግ 150,000 ዶላር ላመጣ የውጭ ዜጋ ቤት በስሙ እንዲገዛ ፈቅዷል፤ ልጅ አዝላ የመጣችው ግን ሰርቢስ ቤት ለመከራየት ወረቀት አጣች። እርግጥ ነው አንዱ ኢንቨስትመንት ነው፣ አንዱ ጥገኝነት ነው፤ 26 ይህንኑ በአሽሙር ነገረው። ያም ሆኖ አባባሉ ልቤ ውስጥ ቀርቷል።

ምሩቁ በ27 ስለ ሥራ ረጅም ጻፈ፤ የዚህ ክር ጠቃሚው መልስ እሱ ነው። አንቀጽ 26 ስደተኛ ይሠራል ሲል እንደ ዜጋ ይሠራል ማለቱ አይደለም። ለውጭ ዜጎች ከሚሰጠው ሁሉ የተሻለውን አያያዝ ያገኛል ነው የሚለው። የውጭ ዜጋ ደግሞ የሥራ ፈቃድ የሚያገኘው ሥራውን የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ሲታጣ ነው። ኤሌክትሪሻን ጎንደር ውስጥ አይታጣም። ስለዚህ የ20ው ሰው በሕግ መብት አለው፣ በሕግ ፈቃድ አያገኝም። ከዜጋ እኩል የሚታየው መንግሥትና ለጋሾች ተስማምተው ለስደተኛውም ለነዋሪውም በሚያቋቁሙት የጋራ ፕሮጀክት ውስጥ ሲቀጠር ነው፤ ፕሮጀክቱ ደግሞ ገንዘቡ ሲመጣ አለ፣ ሲቀር የለም። ምሩቁ እንዲስተካከል የሚፈልገው ይህ ነው። የቀን ሥራና የእጅ ሙያ ከፈቃድ ግዴታ ውጭ ይሁን፤ ሰውየው በራሱ ስም ይፈርም፣ በራሱ ስም ግብር ይክፈል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ለማን እንደምስማማለት ባላውቅም።

በ29 የመጣው የድንበር ሰው ነኝ የሚል ነው። አገር በር ከሌለው ቤት አይደለም አለ። ለኤርትራውያን ድሮ ስደተኛ ለመባል ድንበር መሻገሩ ብቻ ይበቃ የነበረው አሠራር ጥር 2012 ላይ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማን ሰላይ ማን ስደተኛ እንደሆነ መለየት አለበት ባይ ነው። 30 ያ አሠራር ከቀረ ወዲህ ብዙዎች ሳይመዘገቡ በየከተማው ተበትነዋል፣ ስሙን የማታውቀው ሰው ነው ወይስ ካርድ ያለው ሰው የሚያሰጋህ ብሎ መለሰለት። ጥሩ መልስ ነበር፤ በስድብ ባይጨርሰው። 31፣ 32፣ 33 ተነሥተዋል። 34 አስተናባሪው ራሱ ነው፤ ክሩን እዘጋለሁ ብሎ አስፈራራ።

ጋሼ በ35 ተመልሰው ገቡ። ስለ ሰላይ ሲነሣ ሳቅ ይዟቸው እንደነበር ነው የጻፉት፤ ገዳሪፍ ሳሉ ሱዳኖቹ እሳቸውን የደርግ ሰላይ፣ የደርግ ሰዎች ደግሞ ሲመለሱ የሱዳን ሰላይ ብለዋቸዋል። ሁለት ጊዜ ሰላይ ሆኜ አንድም ደሞዝ አልበላሁም አሉ።

36 የምትሠራው የወሊድ ክፍል ነው። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ስደተኛ ልደቱን፣ ጋብቻውን፣ ሞቱን እንደማንኛውም ሰው በወሳኝ ኩነት ማስመዝገብ ይችላል። መጀመሪያ ማንም አላመነም፣ መዝጋቢዎቹም ይፈሩ ነበር ትላለች። መመሪያ ወረደ፣ ቅጹ ላይ ለስደተኛ የሚሆን ቦታ ተጨመረ፣ አለቀ። አሁን ልጁን ታቅፈው የምስክር ወረቀቱን ይዘው ይሄዳሉ። ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ነው። ቀበሌ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም። አዋጅ 1110 እሱ ዘንድ አልደረሰም፤ እሱ ዘንድ የሚደርሰው ቅጽ ነው። 37 በዚህ ላይ ፋይዳ ለስደተኞችም መሰጠት መጀመሩን አነሣ። ሴትዮዋ ፋይዳ ካወጣች የመስኮቱ ልጅ በኮምፒውተሩ ቁጥሯን አስገብቶ ያያታል።

38 እንግዲህ ተጨባጭ ነገር ይነገራት አለ። ተነገረኝም። አንደኛ፣ ቀኑ ሳያልፍ የይለፍ ወረቀቱ እንዲታደስ ከሆስፒታሉ የክትትል ደብዳቤ ታውጣ። ሁለተኛ፣ ከካምፕ ውጭ የመኖር ፈቃዱን በሕክምና ምክንያት ትጠይቅ፤ ለዚህ ተቀባይ ሰው ቢኖራት ይረዳታል፣ እሱም አንቺ ነሽ ተባልኩ። ውሉን በተመለከተ 39 የቤት ኪራይ አዋጁን፣ 1320/2016ን፣ ጠቅሶ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ አለ። 40 ጎንደር ውስጥ ማን አስመዝግቦ ያውቃል ብሎ ሳቀበት። 41 እኔ አስመዝግቤያለሁ አለ። 42 ያ ሁለቴ ተናዶ የጻፈው የ5 እና 6 ሰውዬ ነው፤ ውሉ ላይ የመብራትና የውኃ ክፍያ ለየብቻ ይጻፍ፣ በኋላ አትጣሉ ብሎ መከረኝ። ለተፈናቃዮቹ ጉዳይ ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ትናንት የሆስፒታሉን ደብዳቤ ይዘን ቀበሌ ሄድን። የመስኮቱ ልጅ የለም፤ ዓመት ፈቃድ ወጥቷል፤ ሰኞ ይገባል አሉን። የአንቀጽ 28ን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ የሴትዮዋ ወረቀት የሚያልቀው ረቡዕ ነው። እስከዚያ ልጆቹ በእንግድነት እኔ ዘንድ ናቸው። ለእንግዳ ቀበሌ ማስመዝገብ ያስፈልጋል ወይ ብሎ የሚያውቅ ካለ በ44 ይጻፍልኝ።